ሊግ4 የሌለው የአይጥ ሽል ለምን ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ይሞታል? ናሙናውን ከመቁረጤ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ቱሉዲምቱ፦

ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጥናቴ ዲኤንኤ ላይጌዝ 4 የተባለውን ኢንዛይም በሚያስገኘው ሊግ4 ጂን ላይ ነው። ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች እኛ ጋ የሉም። ከውጭ የሚተባበረን ቤተ ሙከራ ሄትሮዛይገሶችን (ከጂኑ ሁለት ቅጂ አንዱ ብቻ የጠፋባቸውን፣ +/−) እርስ በርስ አዳቅሎ የኢ12.5 እና የኢ13.5 (12.5 እና 13.5 ቀን የሆናቸውን) ሽሎች በፓራፎርማልዴሃይድ ፊክስ አድርጎ (እንዳይበላሹ አጽንቶ) ይልክልናል፤ የእያንዳንዱ ሽል የአስኳል ከረጢት ለብቻው በኤታኖል ይመጣል። ጂኖታይፑ (ሽሉ የትኞቹን የጂን ቅጂዎች እንደያዘ መለየቱ)፣ መቁረጡና ማቅለሙ የኛ ድርሻ ነው። እጃችንን የምናፍታታው ግቢያችን ውስጥ ባሉት ስዊስ አልቢኖ አይጦች ነው።

የቸገረኝ ይሄ ነው። ኤክስአርሲሲ1 የጠፋበት ሽል በኢ6.5 አካባቢ ይቆማል። ሊግ4 የጠፋበት ጨጓራና ጉበት፣ እጅና እግር አብጅቶ ከኢ13.5 በኋላ ይሞታል። ኩ80 የጠፋበት ደግሞ ትንሽ ቢሆንም ተወልዶ ያድጋል። ሦስቱም የዲኤንኤ ጥገና ጂኖች ከሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? በተለይ ኩ80 እና ሊግ4 የአንድ መንገድ ሠራተኞች ሆነው ሳለ?

ሌላው፣ የላኩልን ሰንጠረዥ ጡት ከጣሉት ውስጥ −/− (ሁለቱም ቅጂ የጠፋበት) አንድም እንደሌለ ያሳያል። ስንት ተቆጥሮ ነው «ገዳይ ነው» የሚባለው?

ደግሞ ለጂኖታይፕ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 95 ዲግሪ ላይ አፍሉ ይላል ፕሮቶኮሉ። የውሃ ገንዳችን ይፈላል እንጂ 95 አልደርስ ብሏል። ተበላሽቶ ይሆን? ለማቅለሙ ምን ምን ፀረ እንግዳ አካል ልግዛ የሚለውንም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል፤ በጀታችን ሁለት ሦስት ብቻ ነው የሚችለው።

የሰበታው፦

እህቴ፣ ሦስቱን «የጥገና ጂን» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ስለከተትሻቸው ነው የተምታታብሽ። የሚጠግኑት ስብራት የተለያየ ነው፤ ሽሉም በየዕድሜው የሚመካበት መንገድ ይለያያል።

ከኤክስአርሲሲ1 እንጀምር። እሱ የተበላሹ ቤዞችና የነጠላ ክር ስብራት ሲጠገኑ ሌሎቹን ኢንዛይሞች የሚያሰባስብ ፕሮቲን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት በማንኛውም ህዋስ ውስጥ በየቀኑ በሺዎች ይደርሳል። ሳይጠገን የዲኤንኤ ብዜት ከደረሰበት ወደ ድርብ ስብራት ይለወጣል። አሁን የአይጥ ሽልን ፍጥነት ተመልከቺ። ኤፒብላስቱ (የሽሉ አካል የሚወጣበት የህዋስ ንብርብር) በኢ5.5 ወደ 120 ህዋስ ነው፣ በኢ6.5 ወደ 660፣ በኢ7.5 ወደ 14,000። በመጨረሻው ቀን ብቻ ከአራት ጊዜ በላይ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ አንዱ ዙር በአማካይ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ይወስዳል፣ ፕሪሚቲቭ ስትሪክ (የሽሉ ንብርብሮች መለየት የሚጀምሩበት መስመር) አካባቢ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ብዜት ላይ ያልሆነ ህዋስ ለማግኘት ያስቸግራል። ቆም ብሎ ለመጠገን ጊዜ ስለሌለ ሽሉ የመረጠው መላ ጨካኝ ነው፦ በዚህ ዕድሜ 0.5 ግሬይ ያህል አነስተኛ ጨረር ሲያገኘው ኤፒብላስቱ ክፍፍሉን አያቆምም፣ ለዲኤንኤ ጉዳት ምላሽ በሚሰጡት በኤቲኤምና በፒ53 ፕሮቲኖች ትእዛዝ የተጎዱትን ህዋሳት ይገድላል። ከሽሉ ውጭ ያለው ክፍል፣ የእንግዴ ልጅ የሚሆነው፣ በዚያው መጠን አይሞትም። ኤክስአርሲሲ1፣ ወይም ብዜቱን የሚጠብቁት ራድ51፣ ብራካ1፣ ኤቲአር ሲጠፉ ሽሎቹ ከማህፀን ግድግዳ ጋር በተጣበቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሊግ4 ድርብ ስብራትን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ የሚያጣብቅ ነው። ድርብ ስብራት ግን ሌላም መጠገኛ አለው፤ ዲኤንኤው ከተባዛ በኋላ እህት ክሮማቲዱን (በብዜቱ የተገኘውን ተመሳሳይ ቅጂ) እንደ ናሙና ወስዶ መቅዳት። በፍጥነት የሚባዛ ኤፒብላስት እህት ክሮማቲድ አያጣም፤ ስለዚህ ይህን መቅዳት የሚመራው ራድ51 እስካለ ድረስ ያለ ሊግ4 ያልፈዋል። የሊግ4 ዕዳ የሚመጣው ህዋሳቱ መከፋፈል ሲያቆሙ ነው። በአንጎል ግድግዳ ውስጠኛ ክፍል፣ ቬንትሪኩላር ዞን በሚባለው፣ ይባዙ የነበሩ ህዋሳት ወደ ውጭ ወጥተው ነርቭ ሲሆኑ ከዑደቱ ይወጣሉ፤ የሚቀዱበት እህት ክሮማቲድ የላቸውም። የቀራቸው መንገድ ጫፍ ለጫፍ ማጋጠም ብቻ ነው፣ እሱም ያለ ሊግ4 አይዘጋም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆንሽ የኤክስአርሲሲ2 እና የሊግ4 ንጽጽር ነው፤ በ2006 ታትሟል። ኤክስአርሲሲ2 ከራድ51 ወገን ነው። እሱ ሲጠፋ ሞቱ ከኢ10.5 ጀምሮ በሚባዙት ህዋሳት ላይ ይታያል። ሊግ4 ሲጠፋ ደግሞ ከኢ12.5 ጀምሮ ነርቭ ወደ መሆን በተሻገሩት ላይ። አንድ አንጎል ነው፣ ሞቱ ግን በተለያየ ንብርብር ላይ ነው።

ኩ80ን በተመለከተ፦ ኩ የመጀመሪያው ደራሽ ነው። የተሰበረውን ጫፍ እንደ ቀለበት ይይዘዋል። ኩ ይዞ ሊግ4 ከሌለ ጫፉ እንደተያዘ ይቀራል፤ አይጣበቅም፣ ለሌላ መንገድም አይለቀቅም። ኩ ራሱ ከሌለ ግን ጫፉ ይላጥና ሌሎቹ መንገዶች ይደርሱበታል፤ ጥራቱ ቢያንስም ይዘጋል። ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ፦ ሊግ4 የጠፋበት ሽል ላይ ኩን ጨምረው ሲያጠፉበት ተወልዷል። አንድ ሲጠፋ ይሞታል፣ ሁለት ሲጠፉ ይኖራል። ከዚህ የተሻለ ለሴሚናር የሚሆን ነገር አላውቅም።

ባለጄል፦

የውሃ ገንዳሽ ምንም አልሆነም። አቃቂ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,100 እና 2,200 ሜትር መካከል ላይ ናችሁ፤ ውሃ እዚያ 93 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ሱሉልታ ላይ ቢሆን 91 አካባቢ ነበር የሚያቆመው። ክፍት ውሃ 95 ላይ አታደርሺውም፣ ብትጠብቂም ገንዳውን ታደርቂያለሽ እንጂ። የፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዣ) ማሽኑን ራሱን ተጠቀሚ፤ ክዳኑ ስለሚሞቅና ቱቦው ስለሚዘጋ ብሎኩ 95 ይደርሳል።

አሠራሩ፦ የአስኳል ከረጢቱን ቁራጭ ከኤታኖል አውጥተሽ በፒቢኤስ (በፎስፌት ጨው ውሃ) እጠቢው፣ ከዚያ ቱቦውን ከፍተሽ ትነቱ እስኪጠፋ አቆይው። የቀረ ኤታኖል ፒሲአሩን ያፍነዋል፤ ናሙናው በሙሉ ባዶ ጄል (ባንድ የሚባለው የዲኤንኤ መስመር የማይታይበት) ከሰጠሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው እሱን ነው። 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ0.2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ጋር፣ 75 ማይክሮሊትር ጨምሪ። 95 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፤ ቁራጩ ገና ከታየ እስከ 60። አቀዝቅዢና እኩል መጠን፣ ማለትም 75 ማይክሮሊትር፣ 40 ሚሊሞላር ትሪስ ሃይድሮክሎራይድ ጨምረሽ አመዛዝኚው። ከዚህ ውስጥ 1 ወይም 2 ማይክሮሊትር ለ20 ማይክሮሊትር ፒሲአር ይበቃል። ብዙ ዲኤንኤ ይሻላል ብለሽ 5 ብትጨምሪ ውጤቱ ይብሳል፣ ጨውና ፕሮቲኑም አብሮ ስለሚገባ። ይህ ጥሬ ዲኤንኤ ለወራት የሚቀመጥ አይደለም፤ በሳምንት ውስጥ ጨርሺው ወይም አጥሪው።

ፊክስ ከሆነው ሽል ዲኤንኤ ለማውጣት አትድከሚ፤ ፎርማልዴሃይዱ ስለሚያጣብቀውና ስለሚቆራርጠው ረጅም ባንድ አይወጣም። ከረጢቱን ለብቻ የላኩልሽ ለዚህ ነው። የቱቦው ቁጥርና የሽሉ ቁጥር መግጠሙን ግን ዕቃው በደረሰ ቀን አረጋግጪ።

ዋናው ወጥመድ የእናት ህዋስ ነው። እናቲቱ +/− ናት። ከረጢቱ ላይ የማህፀን ቁራጭ ወይም የደም ጠብታ ከቀረ እውነተኛው −/− ሽል +/− መስሎ ይወጣል። በሊግ4 ላይ ይህ ስህተት ሁለት ጊዜ ይጎዳሻል፤ −/− ያንሱብሻል፣ የቀሩት «ሄትሮዎች» ውስጥ ደግሞ አንጎላቸው የሚሞት ይገኛሉ። እንግዴ ልጅን ለጂኖታይፕ በፍጹም እንዳይልኩልሽ፤ የእናትና የሽል ቅልቅል ነው። በስዊስ አልቢኖ ስትለማመጂም ከረጢቱን በንጹሕ ፒቢኤስ ሦስት ሳህን አሳልፊ፣ በየሽሉ መካከል ወረንጦውን በኤታኖል ጥረጊ።

ባለ ሦስት ፕራይመር (የሚባዛውን ቦታ የሚያመለክት አጭር ዲኤንኤ) ፒሲአር ከሆነ አጭሩ ባንድ ረጅሙን ይጫነዋል። የተለመደው +/− ናሙና ላይ ሁለቱ ባንዶች እኩል ካልደመቁ መጀመሪያ የፕራይመሮቹን ሬሾ አስተካክዪ። ቀጥሎ የመቀላቀል ሙከራ ሥሪ፦ የ−/− ዲኤንኤ ላይ የእናቲቱን +/− በ1፣ በ5 እና በ10 በመቶ ጨምረሽ ጤነኛው ባንድ ከየትኛው ጀምሮ እንደሚታይ ተመልከቺ። 5 በመቶ ላይ ደምቆ ከታየ፣ ደካማ ባንድ ያላቸውን «ሄትሮዎች» ሁሉ እንደገና መፈተሽ አለብሽ። −/− ጎልማሳ አይጥ ስለሌለ መቆጣጠሪያ የሚሆንሽ −/− ዲኤንኤ እንዲልኩልሽ አሁኑኑ ጠይቂያቸው። ያለ እሱ ጄልሽን ማንም አያምነውም።

ፅንስ_ቆጣሪ፦

ስለ ቁጥሩ። ከሄትሮ ለሄትሮ ድቅያ የሚጠበቀው አንድ ለሁለት ለአንድ ነው። −/− ጤነኛ ቢሆን ኖሮ n ያህል ግልገል ተቆጥሮ አንድም ያለማግኘት ዕድሉ 0.75 ሲባዛ በራሱ n ጊዜ ነው። 11 ግልገል ላይ 4 በመቶ ግድም ይሆናል፤ ይህ ለሪፖርት ይበቃ ይመስላል ግን አይበቃም፤ አንድ የጂኖታይፕ ስህተት ያፈርሰዋል። የዓለም አቀፉ የአይጥ ፊኖታይፕ ጥምረት የሚጠቀመው ቢያንስ 28 ግልገል ነው፤ 28 ላይ ዜሮ የመሆን ዕድሉ ከ10,000 ሦስት ነው። −/− ከ12.5 በመቶ በታች ከሆኑ ደግሞ «በከፊል የሚኖር» ይሉታል። በ2016 ባሳተሙት ሥራ ከ1,751 ጂኖች ውስጥ 410 ገዳይ፣ 198 በከፊል የሚኖሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ የሊግ4 ጉዳይ ብርቅ አይደለም።

ጡት ሲጥሉ ያለው ቁጥር ግን መሞታቸውን እንጂ መቼ እንደሞቱ አይነግርሽም። ከተወለዱ በኋላ እናት የበላቻቸውም እዚያው ዜሮ ውስጥ ናቸው። ተባባሪዎችሽን የየወላዱን ሙሉ ቁጥር ጠይቂ፦ ስንት መትከያ ቦታ፣ ስንት ሕያው ሽል፣ ስንት የቀለጠ (ማህፀን ውስጥ ሞቶ የተመጠጠ)። ሕያው ማለት ልቡ የሚመታ ማለት ነው፤ ፊክስ ከተደረገ በኋላ ልብ አይታይምና ሽሉ ሲወጣ መመዝገብ ነበረበት። የቀለጡትን ከስሌቱ አውጥተሽ በሕያዋኑ ብቻ አንድ ለሁለት ለአንድ ብትፈትሺ፣ −/−ዎቹ ከቀለጡት ውስጥ ከሆኑ ልዩነቱ በግልጽ ይወጣል።

አሁን ስለ ሰዓት፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፕላጉ (ከተዳቀለች በኋላ ሴቷ ብልት ውስጥ የሚረጋው ድፍን) በታየበት ቀን ቀትር ኢ0.5 ይባላል። በኛ አቆጣጠር ቀትር ቀን 6 ሰዓት ነው፤ በፈረንጆቹ ወረቀት 12:00 ተብሎ ይጻፋል። የእንስሳት ቤቱ ሠራተኛ «12 ሰዓት» ሲል ማታ 12ን ማለቱ ነው። ስድስት ሰዓት ተዛነፈ። ኢ13.5 ላይ ይህ ብዙ አይታይም፤ ኢ8.5 ላይ ግን ሶማይት (በሽሉ ጀርባ የሚደረደረው የህዋስ እብጠት) በየሁለት ሰዓቱ ስለሚጨመር የሦስት ሶማይት ልዩነት ነው፣ ጤነኛውን ሽል «የዘገየ» ያሰኘዋል። መዝገቡ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» የሚል ዓምድ አስገቡ፣ ነገሩ ያልቃል።

ለልምምዱ፦ ከ8 ሳምንት በላይ የሆነ፣ ለብቻው የሚኖር ወንድ አንድ፣ ሴት ሁለት። ማታ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ሴቶቹን ወደ ወንዱ ሳጥን አስገቢ፤ ተቃራኒውን ካደረግሽ ወንዱ አዲሱን ቦታ ሲያሸት ያድራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፕላግ ፈልጊ። ረፋዱ ላይ መውደቅ ይጀምራል፤ ጥልቀት ውስጥ ያለውን በደነዘ መመርመሪያ ዳብሺ እንጂ በዓይን ብቻ አትመኚ። የሴቷ ዑደት 4 ወይም 5 ቀን ስለሆነ በአንድ ሌሊት ከአምስት አንዷ ብትገኝ የተለመደ ነው። ቁጥሩን ለመጨመር የወንዱን ያደረ ሰጋቱራ ሦስት ቀን አስቀድመሽ ሴቶቹ ሳጥን ውስጥ አድርጊ፤ ዑደታቸው ይገጥምና በሦስተኛው ሌሊት ብዙዎቹ ይዘጋጃሉ። ፕላግ አለ ማለት ግን እርግዝና አለ ማለት አይደለም፤ በአሥረኛው ቀን መዝኛት፣ ከ2 ወይም 3 ግራም በላይ ካልጨመረች ለኢ13.5 ብለሽ አትሠዊያት።

የብርሃኑን ነገር ሳልረሳ። እዚህ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ መብራት ቢጠፋም ዑደቱ ብዙም አይናጋ። የሚያናጋው ሌሊት ሙሉ በመስኮት የሚገባው የጥበቃ አምፖል ነው። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት።

ሽሉን ስታወጪ ዕድሜውን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአካሉ ወስኚ። አንድ ወላድ ውስጥ የግማሽ ቀን ልዩነት የተለመደ ነው። በኢ13.5 አካባቢ አፍንጫው ጎን አምስት ረድፍ የጢም ፍሬ ይታያል፤ የፊት እግር ጣቶች ጫፋቸው መለያየት ከጀመረ ወደ ኢ14 እየተጠጋ ነው። −/− ሽል ትንሽ ስለሆነ ብቻ በዕድሜ ከሚያንስ ሽል ጋር አታነጻጽሪው፤ ጢሙንና ጣቱን አይተሽ እኩያውን ከዚያው ወላድ ፈልጊለት።

ቱሉዲምቱ፦

እግዜር ይስጥልን፣ ሁላችሁም። ለ«የሰበታው» አንድ ጥያቄ ልጨምር። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ «ሊግ4 ለአንጎል እድገት የግድ ያስፈልጋል» ብዬ መደምደሚያ ልጽፍ እችላለሁ? አማካሪዬ ደግሞ ከፒ53 ጋር የተዳቀሉትንም ጠይቂ ብለውኛል፤ ጥቅሙ አልገባኝም።

የሰበታው፦

አትጻፊው። አማካሪሽ ፒ53 ያሉት ይህንኑ ዓረፍተ ነገር እንዳትጽፊ ይመስለኛል።

ሊግ4 የጠፋበት ሽል ላይ ፒ53 ሲጠፋ የነርቮቹ ሞት ይቀራል፣ ሽሉም ተወልዶ ይኖራል። ኤቲኤም ሲጠፋም የሊግ4ን ሽል ያድነዋል። ልብ በዪ፦ ስብራቱ አልተጠገነም፤ ሊግ4 አሁንም የለም። አንጎሉ ግን ተሠርቷል። እንግዲህ አንጎል ለመሥራት የጎደለው የሊግ4 ሥራ ሳይሆን የፒ53 ዝምታ ነበር ማለት ነው። ጂኑ ነርቭን አይቀርጽም፤ ስብራቱ ሳይዘጋ ሲቀር ፒ53 እንዳይነሳ ያደርጋል እንጂ። «ሊግ4 ከሌለ አዳዲስ ነርቮች ባልተዘጋ ድርብ ስብራት ምክንያት በፒ53 በኩል ይሞታሉ» ብለሽ ጻፊ። ረዘም ይላል፣ ግን የሚፈርስ አይደለም።

የዳነው አይጥ ጤነኛ ነው ማለት ደግሞ አይደለም። የቢ እና የቲ ህዋሳት የፀረ እንግዳ አካልና የተቀባይ ጂኖቻቸውን ቆርጠው ሲያገጣጥሙ የሚያጣብቅላቸው ሊግ4 ስለሆነ እነሱ አይበስሉም፤ አይጡ ቁመቱም አጭር ይሆናል። በፒ53 አለመኖር የተረፉት ያልተዘጉ ጫፎች ሲ-ሚክ የተባለውን የካንሰር ጂን ከፀረ እንግዳ አካል ጂን አካባቢ ጋር ያጋጥሙና በጥቂት ወራት ውስጥ የፕሮ-ቢ ሊምፎማ ያመጣሉ። ፒ53 ሽሉን የገደለው በከንቱ አልነበረም።

ይህ ለሁሉም ጂን አይሠራም። በራድ51 ወይም በብራካ1 ላይ ፒ53ን ብታጠፊ አንድ ሁለት ቀን ታራዝሚለታለሽ እንጂ አታድኚውም፤ እዚያ ብዜቱ ራሱ ነው የሚከሽፈው። ስለዚህ የፒ53 ድቅያ መለያ ነው፦ ሽሉን የገደለው ጉዳቱ ነው ወይስ ለጉዳቱ የተሰጠው ምላሽ?

ድቅያውን ተባባሪዎችሽ ቢያስቡበት፦ ሊግ4 ክሮሞዞም 8 ላይ፣ ፒ53 ክሮሞዞም 11 ላይ ስለሆኑ ለየብቻ ይወረሳሉ። ሁለቱም ወላጆች በሁለቱም ጂን ሄትሮ ከሆኑ ድርብ −/− ከ16 አንድ ነው። ወንዱን ሊግ4 +/− ፒ53 −/− ካደረጉት ከ8 አንድ ይሆናል። ሴቷን ፒ53 −/− አያድርጓት፤ ሽል ከማህፀን ጋር የመጣበቅ ችግር አለባት። ወንዱም ገና በወጣትነቱ ዕጢ ስለሚያወጣ 6 ሳምንት እንደሞላው ሥራ ላይ ይዋል።

ሰው ላይ ያለውንም አንድ አንቀጽ ስጪው። ሊግ4 ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው፣ የመከላከል አቅማቸው ደካማ ነው፣ ለጨረር እጅግ ስሱ ናቸው። የነሱ ሚውቴሽን ኢንዛይሙን ያዳክመዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ከአይጥ ወገን የሚቀርባቸው ዋይ288ሲ የተባለው የሊግ4 ሚውቴሽን ያለበት ነው፤ እሱ ይወለዳል፣ ትንሽ ነው፣ የደም ግንድ ህዋሳቱ ከዕድሜ ጋር እየተመናመኑ ይሄዳሉ።

ለገጣፎ፦

«የሰበታው» ኩ ከሌለ ሌሎቹ መንገዶች ይደርሱበታል ሲል ነገሩን ትንሽ አቅልሎታል። ኩ የጠፋበት ሽልም አንጎሉ ውስጥ የሚሞት ነርቭ አለ፤ ከሊግ4 ያነሰ ስለሆነ ይተርፋል እንጂ ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ ሰንጠረዥሽ ላይ «ኩ80 −/− ፦ ጤነኛ» ብለሽ አትሙዪው።

ወደ ፀረ እንግዳ አካሉ ልሂድ። ሁለት ብቻ መግዛት ከቻልሽ፣ የተቆረጠ ካስፔዝ-3 እና ቱጅ1። የመጀመሪያው የሚሞተውን፣ ሁለተኛው አዲስ ነርቭን ያሳያል። ሦስተኛ ከተጨመረ ኬአይ67፣ የሚባዙትን ለመለየት። ጥያቄሽ «ሞት አለ ወይ» ሳይሆን «ሞቱ የትኛው ንብርብር ላይ ነው» ስለሆነ ያለ ቱጅ1 ካስፔዝ ብቻውን ግማሽ መልስ ነው።

የዲኤንኤ ስብራት ምልክት የሆነውን ጋማ-ኤች2ኤኤክስን ሁሉም መጀመሪያ ይገዛዋል፤ እኔ ብሆን መጨረሻ ነው የምገዛው። የሚሞት ህዋስ ዲኤንኤውን ሲቆራርጥ ኒውክለሱ በሙሉ በጋማ-ኤች2ኤኤክስ ይበራል፤ የሚባዛ ህዋስም ያለ ጉዳት ይበራል። ስብራት ልታሳዪ ከፈለግሽ የሚቆጠረው ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ ከሌላው የስብራት ምልክት ከ53ቢፒ1 ነጠብጣብ ጋር ከገጠመ ይበልጥ ይታመናል። ካስፔዝ ያለበትን ህዋስ ከቆጠራው አውጪ።

ቱኔል (የተቆራረጠ ዲኤንኤን የሚያቀልመው ዘዴ) ደግሞ ሽሉ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ይዋሻል። እናቲቱ ከሞተች በኋላ ሽሉ ፊክሳቲቭ ውስጥ እስኪገባ ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጤነኛውም ይበራል። ስትለማመጂ በበረዶ ላይ ባለ ፒቢኤስ ውስጥ ሥሪ፤ እናቲቱን አንገት በመስበር ዘዴ ብትሠዊያት ሽሉ በጋዝ ከመታፈን ይድናል፣ የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁ ግን ዘዴውን በጽሑፍ ያጸደቀው መሆን አለበት።

ክራዮስታት (አቀዝቅዞ መቁረጫ) ወይስ ፓራፊን (ሰም ውስጥ ቀብሮ መቁረጥ)? መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ እኔ ፓራፊንን እመርጣለሁ። በሱክሮዝ ተዘጋጅቶ የቀዘቀዘ ብሎክ ቀልጦ እንደገና ከቀዘቀዘ የበረዶ ቅንጣቱ አንጎሉን ይበሳዋል፤ ማይክሮስኮፕ ስር ያ ቀዳዳ ህዋስ የሞተበት ቦታ ይመስላል። የፓራፊን ብሎክ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ማንንም አይጠብቅም።

ለኢ13.5 ጭንቅላት፦ 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ፣ 4 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት። ቅዳሜና እሁድን እዚያ ካሳለፈ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው ቦታ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ተባባሪዎችሽ ከአንድ ሌሊት በኋላ አጥበው ወደ 70 በመቶ ኤታኖል አዛውረው ይላኩት፣ ጉዞው ቢዘገይም አይጎዳውም። ከ70 ወደ 85፣ 95፣ ሁለት ጊዜ 100፣ በየደረጃው 45 ደቂቃ። 95 ላይ ኢዮሲን ጠብ አድርጊበት፤ ነጭ ሽል ነጭ ሰም ውስጥ ጠፍቶ አቅጣጫው እንዳይሳትሽ። ዛይሊን ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ እያንዳንዱ፤ ብርሃን ካሳለፈ ወዲያው አውጪ፣ ከቆየ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ከዚያ 60 ዲግሪ ፓራፊን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት። በ7 ማይክሮን ቁረጪ።

አንቲጅን (ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘውን ቦታ) ለመግለጥ 10 ሚሊሞላር ሲትሬት፣ ፒኤች 6.0። «ባለጄል» ያለው ከፍታ እዚህም ይመጣል፤ ክፍት ማሰሮ ውስጥ የሚፈላ ሲትሬት 93 ላይ ያቆማል፣ ኒውክለስ ውስጥ ያለው አንቲጅን በከፊል ብቻ ይገለጣል። የወጥ ቤት ፕሬዠር ኩከር ይበቃል፤ ካፏጨ በኋላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቺ እስኪበርድ። የሽል ቁራጭ ከስላይድ ስለሚላቀቅ ቻርጅ ያለው ስላይድ ተጠቀሚና ቀደም ብለሽ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሪው።

በነገራችን ላይ ወደፊት ወደ ኤክስአርሲሲ1 ዓይነት ጂን ከተሻገራችሁና ብላስቶሲስት (ገና ከማህፀን ጋር ያልተጣበቀ ሽል) በሳህን ማሳደግ ካስፈለገ፣ ኢንኩቤተሩን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ እንዳትተዉት። አየሩ ስስ ስለሆነ 5 በመቶው እዚህ የሚሰጠው ግፊት ያንሳል፣ ሚዲያው ወደ ቤዝ ያዘነብላል፣ ጤነኛውም ብላስቶሲስት ሳይፈለፈል ይቀራል። ወደ 6.5 ወይም 7 በመቶ ከፍ አድርጉና የሚዲያውን ፒኤች ለኩ፤ 7.2 እስከ 7.4 ውስጥ ሲገባ እዚያው አቁሙ።

ቱሉዲምቱ፦

ቆጠራው ላይ፣ ከአንድ ሽል አሥር ቁራጭ ብቆጥር ናሙናዬ አሥር ይባላል?

ፅንስ_ቆጣሪ፦

አይባልም፣ አንድ ነው። ናሙናው ሽሉ ነው፤ አሥሩን ቁራጭ አማክለሽ አንድ ቁጥር ታወጪለታለሽ። በየጂኖታይፑ ቢያንስ ሦስት ሽል፣ ከአንድ ወላድ ብቻ ያልመጡ። የጎን አንጎል ክፍተት በሁለቱም በኩል በሚታይበት ደረጃ ላይ ቁረጪ፣ በአምስት አምስት ቁራጭ እየዘለልሽ ውሰጂ፤ ተከታታይ ቁራጭ ከወሰድሽ አንዱን ህዋስ ሁለቴ ትቆጥሪዋለሽ። የካስፔዝ ህዋሱን በስኩዌር ሚሊሜትር አስልተሽ ቬንትሪኩላር ዞኑንና ቱጅ1 ያለበትን ንብርብር ለየብቻ ጻፊ። −/− አንጎሉ ቀጭን ስለሚሆን ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ብትሰጪ ሞቱን አሳንሰሽ ታቀርቢዋለሽ። ስላይዱ ላይ ያለውን ጂኖታይፕ ደግሞ ሌላ ሰው በወረቀት ይሸፍንልሽና ኮድ ይስጠው፤ ቆጥረሽ ሳትጨርሺ አይገለጥ።